ሁለቱን ሲጋር እኛ አጨስናቸው

ገብረየስ፣

አልጋህ ላይ ሰው ብታይ እንዳትደነግጥ። ወንድምህ ሞገስ ነው። ትናንት ከሰዓት ከግንባር ገባ። በሕይወት አለ!

አንተ ለሥራ ዲላ ስትሄድ መቼ እንደምትመለስ እንኳ አልነገርከኝም፤ ታዲያ ምን ላድርግ? ኩባዊው ሐኪም የሰጠህን፣ «ሞገስ የመጣ ቀን» ብለህ ያስቀመጥካቸውን ሦስት ሲጋሮች አወጣኋቸው። ጥቁር ቢራ ገዛሁና በረንዳ ላይ ተቀመጥን።

ቀጭኑ ከቢራው ጋር አልሄደም፤ ምሬት በምሬት ላይ ሆነና አሳለን። ወፍራሙ ግን ሌላ ነው! ጭሱን አውጥተህ ቢራውን ስትጎነጭ፣ የገብስ ቆሎ ከስኳር ጋር የቃምክ ይመስልሃል። ሞገስ «ይሄስ ጠበኛ ያስታርቃል» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሦስተኛው መሳቢያው ውስጥ አለ። እሱም ወፍራም ነው፤ ያንተ ነው።

አሳ ወጡን አሙቀህ አብላው።
ስለ ግራ እጁ አትጠይቀው። ራሱ ይነግርሃል።

እኔ የይርጋለም አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ወደ መናኸሪያ ሮጫለሁ። ሳንጠብቅህ መጀመራችን ጥፋት ነው፤ አውቃለሁ። ክብሪቱን ከመጫሬ በፊት «ገብረየስ አይቆጣም?» ብዬው ነበር።

«ይቆጣ» አለኝ። «ቁጣው ናፍቆኛል።»

ግዛቸው