ከኢልሊ ባቡር ላይ ያጠብኩት ጥላሸት

ጥር 12

ዛሬም ለጽዳት ሦስተኛ ፎቅ ነበርኩ። ስብሰባ ውለው ወለሉን በኦቾሎኒ ልጣጭ ሞልተውታል። የሥራ ጓደኛዬ አገኘሁሽ ደረጃውን ያዘች፣ እኔ አዳራሹን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን።

ቤት ገብቼ የኢልሊን ክፍል ከፈትኩ። ለምን ዛሬ? እንጃ። ልጄ ከሞተችበት ከጥቅምት ጀምሮ አልገባሁበትም። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ሲወጣ ከዚሁ አልጋ ነው አንስተን የወሰድናት። በአራተኛው ቀን አለቀ።

ጠረጴዛው ላይ አንሶላ አልብሳበት ነበር። ገለጥኩት።

ቆርቆሮ ስትቆራርጥ እሰማ ነበር። "ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶሽ ዕቃ ዕቃ?" እላታለሁ። "ሃርሜ፣ ሲያልቅ አሳይሻለሁ" ትለኛለች፤ ሃርሜ፣ እናቴ ማለቷ ነው። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። ሁለታችን ብቻ በምንኖርበት ቤት...

ባቡር ነው። የድሮ፣ በከሰል የሚሄድ ዓይነት። ሆዱ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ ጭስ መውጫው የባትሪ ድንጋይ ቅርፊት፣ ጎማዎቹ ቆርኪ። ሐዲዱ ሽቦ ነው፣ ሥሩ የቀርከሃ ስንጥር ተደርድሯል። በአንድ ጥግ በዓረብኛ የተጻፈበት ጣቢያ አለ። ሐዲዱ ቀርከሃ መሐል አልፎ ወደ ሌላው ጥግ ይመጣል። እዚያ ያለው ደግሞ አሶሳ ነው። የኛ አሶሳ! መነኻሪያው፣ መስጊዱ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ከጀሪካን ቁራጭ የተሠሩ ባጃጆች። በመሐል አስፋልቱ ላይ እንደ አዲስ አበባው ያለ የከተማ ባቡር ቆሟል። ግንባሩ ላይ "መነኻሪያ – ዩኒቨርሲቲ" ብላ ጽፋበታለች።

በዕድሜዬ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ቆሜ ሳየው መሸ።

ጥር 13

አቧራ ለብሶ ማየት አልቻልኩም። ከተማውን በእርጥብ ጨርቅ፣ ባቡሩን ግን በደንብ አጠብኩት። በኦሞ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ ከዚያ በሎሚ። ያ ሁሉ ጥቁር! ሦስት ጊዜ ውኃ ቀየርኩ። አሁን ያበራል።

ልጄን የተንከባከብኳት መሰለኝ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ኢቲዳል መጣች። ኢልሊ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ስትሠራ አብራት በአስተርጓሚነት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ራሷም ስደተኛ ናት፣ ከሱዳን በኩል። ለለቅሶ መጥታ ነበር፣ ያኔ ግን ማንንም አላየሁም።

"እናቴ፣ አያቴ ባቡሩ አለቀ ወይ ይላል። ኢልሊ ሲያልቅ አመጣልሃለሁ ብላው ነበር።"

አያቷ ጁምዓ ይባላል። በወጣትነቱ ሱዳን ውስጥ፣ ደማዚን፣ ባቡር ላይ ሠርቷል። ኢልሊ በየሳምንቱ ከሥራ በኋላ አጠገቡ ትቀመጥና ስለዚያ ባቡር ትጠይቀዋለች። እኔ ቢሮ የምታመሽ ይመስለኝ ነበር።

በኩራት ወስጄ አሳየኋት።

"ጥላሸቱስ?"

"አጠብኩት።"

"ሁሉንም?"

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። ቆሻሻ አልነበረም። ኢልሊ ናት የቀባችው። አራት ወር ፈጅቶባታል። የከሰሉ ብናኝ የት እንደሚያርፍ፣ ውኃው ሲፈስ የት ጋ ነጭ መስመር እንደሚተው፣ የሠራተኛው እጅ የት የት እንደሚያሻሽ... ሁሉን ሽማግሌውን እየጠየቀች። ሲሳሳትባት እየፋቀች፣ እንደገና።

"ፎቶ የለሽም?" አልኳት። አንድ አላት። ከሩቅ የተነሳ ነው፣ ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚታየው።

"አላወቅሽም እኮ፣ እናቴ" አለችኝ። ልክ ናት። አለማወቄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ጥር 18

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እጣቢውን የደፋሁበት ፓፓያው ሥር ሄጄ አፈሩን አየሁ። ምን ልፈልግ? አፈር ነው።

ጥር 20

አገኘሁሽ፦ "ብሪቱዬ፣ ዛሬ ወለሉን ትለማመጪዋለሽ እንዴ? እሺ ጌታዬ፣ ትንሽ ንጻልኝ እያልሽ?"

ሳቅኩላት። ጨርቁን ይዤ ቆሜ ነበር ለካ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ጾሬ ሄድኩ። ባቡሩን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ "ስንት ወሩ ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት? "ተኝቷል" አልኳት።

አባ ጁምዓ ረጅም ሰው ነው፣ ክሳቱ ያስታውቃል። ደጁ ላይ ምንጣፍ አነጠፈልኝ።

"እናት ኢልሊ፣ ቁጭ በል። አላህ ይርሐማ፣ ነፍስ ይማር፣ ያ ልጅ።"

ወንድ እያደረገ ነው የሚያናግረኝ። ኢቲዳል "ሁሉንም ሰው እንደዚሁ ነው፣ ፍየሏንም" አለችኝ በጆሮዬ።

ነጠላውን ፈታሁ። አየው። አየኝ።

"ይሄ ባቡር ሠርግ ሊሄድ ነው?"

ኢቲዳል አፏን ያዘች። እኔ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። እኔ ነኝ ያጠብኩት አልኩት። የልጄን እጅ በኦሞ አጠብኩት።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ስለ እውነተኛው ነገረኝ። በዓረብኛ ሲፈጥንበት ኢቲዳል እየተረጎመች።

አተሽጂ ነበር፤ ለባቡሩ እሳት የሚያበላ ማለት ነው። በአካፋ ከሰል ወደ እሳቱ ሲወረውር ፊቱ ይጠበሳል፣ ጀርባው በንፋሱ ይቀዘቅዛል። ያ ሁሉ ብረት፣ ከዚህ እስከዚያ ዛፍ ድረስ ያለ ብረት፣ በውኃና በእሳት ብቻ ተነስቶ ይሄዳል። ወደ ደማዚን ሲቃረቡ ፊሽካውን ይለቁታል። ሰው ሁሉ ከቤቱ ይወጣል። የሚቀበለው እንግዳ የሌለው ሳይቀር ይወጣል። ለምን? ለማየት ብቻ።

ኢልሊም እንደዚሁ ቁጭ ብላ ሰምታዋለች ማለት ነው። እዚሁ ምንጣፍ ላይ።

"የሷን ጥላሸት መመለስ ይቻላል?" አልኩት።

"የሷ የለም" አለኝ። "ሄደ። ግን ስማ። እኛ ጋ ባቡር ይታጠባል። ሰው አለ፣ ሥራው ማጠብ ነው። ባቡር ታጠበ ብሎ የሚያለቅስ የለም። ነገ ሥራ ይገባል፣ ይጠቁራል። አንተ አጠብክ። እሺ። አሁን ይሥራ።"

የሚያጥብ ሰው ነበር አለ... ሥራው ማጠብ ብቻ የሆነ።

የካቲት 2

አጣቢዎቹን ሳስብ ዋልኩ። እንዲያ የሚያህል ነገር በምን ይታጠባል? ደጋግሜ ኢቲዳልን መጠየቅ አፈርኩ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ኢቲዳል መጥታ ባቡሩን የሚያስነሳውን ባትሪ አሳየችኝ። የስልክ ባትሪ ነው፤ ሞተሩ ከተበላሸ ዲቪዲ የወጣ። ነካችው። ባቡሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ለካ ከጥላሸቱ ጋር ዘይቱንም አጥቤዋለሁ።

ጎረቤት ሄጄ የስፌት መኪና ዘይት ለምኜ መጣሁ። በመርፌ ጫፍ ጠብ ጠብ አደረግን። እንደገና ነካችው።

ሄደ።

ከደማዚን ተነስቶ ቀርከሃው ውስጥ ገባ፣ ጠፋ፣ ወጣ። አሶሳ ገባ። የከተማው ባቡር አጠገብ ሲደርስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ፤ የጥንቱ እየሄደ፣ ያልመጣው ቆሞ። አሶሳ አንዱም የላት። ልጄ ሁለቱንም አምጥታላታለች። በቆርኪ! አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ኢቲዳልም እንደዚያው።

የካቲት 11

ከሰል ወቅጬ በዘይት ለውሼ ቀባሁት። የተጣደ ድስት መሰለ። ጠረግኩት።

የካቲት 13

እንደገና። አሁንም ድስት።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አባ ጁምዓ በስልክ፦ "ቀቢ አይደለህም። ቆሻሻ ከየት መጣ ብለህ ጠይቅ።"

ጠዋት መነኻሪያ ሄድኩና የቆሙትን አሮጌ አይሱዙዎች አየሁ። አንዱ ሾፌር "ማዘር፣ ልትገዢው ነው?" አለኝ። "ቆሻሻውን ነው የማየው" አልኩት። "እሱን በነጻ ውሰጂው።"

አቧራው ከታች ይወፍራል፣ ወደ ላይ ሲሄድ ይሳሳል። ዘይት ያለበት ቦታ ይይዘዋል። በሩ ላይ፣ እጅ የሚነካው ቦታ፣ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያበራል። ዝናብ የወረደበት መስመር አለው። ዝም ብሎ የተደፋ አንድም የለም፤ ሁሉም የሆነ ሥራ የተወው ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሻሻ አጽድቻለሁ። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ልጄ እንዴት አወቀችው?

የካቲት 22

ከላይ ጀመርኩ። ከጭስ መውጫው ወደኋላ፣ ንፋስ እንደሚወስደው። በጣቴ ነው፣ ብሩሹ እምቢ አለኝ። ለውኃው ነጭ መስመር ኖራ በክብሪት እንጨት። ሠራተኛው የሚጨብጠውን ሽቦ ደግሞ በአውራ ጣቴ አሸሁት፣ እስኪያበራ።

ድስት አይመስልም።

መጋቢት 6

በየቀኑ ትንሽ አስነሳዋለሁ። መስጊዱ ጋ ሲደርስ ይዘገያል። ምክንያቱን አላገኘሁትም። ተዉት፣ ሽማግሌ ነው።

መጋቢት 14፣ እሑድ

አባ ጁምዓ ለዓይኑ ሐኪም የይለፍ ወረቀት ተሰጥቶት አሶሳ አድሮ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኢቲዳል ወደኔ አመጣችው።

ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ሰጠሁት። ባቡሩን አንስቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው፣ እያገላበጠ አየው። ባሳምረውም ባበላሸውም የምሰማው ከሱ ብቻ ነው። ይህን ባቡር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም።

"ጭሱ፣ ጥሩ" አለ። "ውኃው፣ ጥሩ። ይሄ ግን ውሸት ነው።"

ያሸሁትን ሽቦ በጣቱ ያሳየኛል።

"ሰው የሚይዘው ያኛውን ነው። በቀኝ። የኢልሊ በቀኝ ነበር። ይሄ አተሽጂ በግራ ይዞ ነው የወጣው። ማነው?"

ኢቲዳል እጄን አየች። እኔም አየሁት። ግራኝ ነኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ላጥፋው?"

ባቡሩን ሐዲዱ ላይ መለሰው፣ ቆርኪዎቹ በትክክል እስኪቀመጡ በቀስታ።

"አታጥፋ። አተሽጂ ተቀየረ፣ ባቡር ያው ነው። ደማዚንም እንደዛ ነበር። አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል።" ከዚያ ወንበሩን ወደኋላ ሳብ አድርጎ፣ "በል፣ እሳት አብላ" አለኝ።

ነካሁት። ሄደ። ሽማግሌው ተነስቶ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ አልጠየቅኩትም። እኔም ቆምኩ፣ ኢቲዳልም። ዞሮ አሶሳ እስኪገባ ማናችንም አልተቀመጥንም።

ከሄዱ በኋላ ነው ይህን የምጽፈው። ነገ ሰኞ ነው፣ ሥራ አለ። አገኘሁሽ እጄን ስታይ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጥፍሬ ሥር ጥላሸት ገብቷል። ብሩሽ አንስቼ ነበር... ተውኩት።