«በሕግ አምላክ» ብዬ ሰሚ ያጣሁበት ቀን

ሐምሌ ፳፪ ቀን፣ ደብረ ታቦር

ብዕሩን የያዘችው ልጄ የሺ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ሳታሳምሪ እንዳልሁሽ ጻፊ ብያታለሁ።

ዛሬ ጎረቤቶቻችን ልብስ ሰፊውና ዳቦ ጋጋሪዋ አጥር ማዶ ተጣሉ። የእሷ ጣራ ውኃ እሱ ቤት እየገባ ነው። ሰውየው አካፋ ሲያነሣ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁና መሐላቸው ቆሜ «በሕግ አምላክ!» አልሁ።

አገሬ ጉና ሥር ይህን ስል የተነሣ ዱላ አየር ላይ ይቀር ነበር። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ዝም ብለው ይሰሙኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው ግን «አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ ብርዱ ይጎዳዎታል» አለኝ። ሴትዮዋም በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችኝ። ከዚያ በአናቴ ላይ ጭቅጭቃቸውን ቀጠሉ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አምና እግሬ ሲደክም የሺ ወደዚህ አመጣችኝ። ገብሱም አልጋውም መኪና ላይ ተጫነ። የሽማግሌ ቃል ግን ከሚያውቁት ሰዎች ጋር እዚያው እንደሚቀር ማንም አልነገረኝም። በጎቼ አልናፈቁኝም። የናፈቀኝ ማለዳ ደጄ ላይ ቆሞ «አያ ታከለ፣ ተጣልተናል፤ ይድረሱልን» የሚለኝ ሰው ነው።

የሺ «አባዬ፣ እዚህም ይለምዱዎታል» ትላለች። መቼ? ጉና ሥር እኔን ለመልመድ ዕድሜ ልክ ፈጅቶባቸዋል። አሁን የቀረኝ ስንት ሆነና!

ይህንንም ጻፍሽው? በይ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ አጥር ማዶ ይሰማ።