የዘርፌ ደም

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ሴት ልጅ ተወለደች! አያት ሆንኩ! ልጄ ሰናይትም ተርፋለች፣ ተመስገን። ደስታው ለብቻዬ አልያዝ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ደግሞም አፍሬ ነው።

ሰናይት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። «ደም የሚሰጥ ሰው አምጡ» አሉን ሐኪሞቹ። እኔን ስኳር አለብሽ ብለው መለሱኝ፤ ባሏም ገና መንገድ ላይ ነበር። ጎረቤታችን ዘርፌ ግን ቂሊንጦ ካለው ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ወሬውን እንደሰማች ቤቷ እንኳ ሳትገባ መጥታ ክንዷን ዘረጋች።

ዘርፌ! ዓይኗ ክፉ ነው እያልኩ ሰፈሩን ሁሉ ያስጠነቀቅኩባት! ባለፈው እሑድ እንኳ በደጃችን ስታልፍ የሰናይትን ሆድ በነጠላዬ ሸፍኜ ፊቴን አዞርኩባት። ምን አድርጋኝ? ምንም።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ «ዘርፌ...» ብዬ ጠራኋት። ሳቀችብኝ።

«እትዬ አስካለ፣ እንግዲህ ደሜ ልጅሽ ውስጥ ገብቷል፤ እሱን ደግሞ በየትኛው ነጠላ ልትሸፍኚው ነው?»

ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃት ደሟን ሰጠችልኝ። በየዓመቱ ስቅለትን እሰግዳለሁ። ጌታ ደሙን ላልተገባቸው አፈሰሰ ሲባል ግን ያልተገባው ሰው ሌላ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ነኝ።

ሰናይት ነቅታ ስትሰማ «የክርስትና እናቷ ዘርፌ ትሁን» አለች። እኔም እሺ አልኩ፣ ቀና ብዬ ሳላያት። ለክርስትናው ሰፈሩ አንድም ሳይቀር ይመጣል፣ በተለይ እኔ ያስፈራራኋቸው። ዘርፌ ሕፃኗን አቅፋ ዓይን ዓይኗን ስታያት ይዩልኝ፣ ሳሪስ አቦ፣ በሰማንያ ቀኗ።