«ወገብ» «ወገን» ተብሎ ስለ ተጻፈበት ቃለ ጉባኤ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ዋጫ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ እንዳሻዎ ይታጠፍ፣ እንዳሻዎም ይቃና እያልሁ፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ቀኝ እንዳዘነበልሁ እጅ እነሣለሁ። ማዘንበሌን እንደ ተጨማሪ አክብሮት ይቁጠሩልኝ።

በጥር ወር የመዝገብ ሣጥን ሳነሣ ወገቤ ተያዘ፤ ትከሻዬ ወደ ቀኝ፣ ዳሌዬ ወደ ግራ ሄደው በዚያው ቀሩ። ቦንጋ የምትሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ኑኃሚን ክንዴን በትከሻዋ እየገፋች፣ ዳሌዬን በሁለት እጇ ወደ ራሷ እየሳበች ሦስት ቀን አቃናችኝ። በሦስተኛው ቀን እስከ ግራ እግሬ ወርዶ የነበረው ሕመም ተመልሶ ወገቤ ላይ ሲሰበሰብ፣ የመዳን ምልክት ነው ብላ ደስ አላት፤ እኔም ደስ አለኝ። ለቀሩት ዘጠኝ ቀጠሮዎች ፈቃድ እንዲሰጠኝ «የወገብ ችግር አለበት፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል» ብላ ጻፈችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ማስረጃዬ ወደ ቃለ ጉባኤ ሲገለበጥ «የወገን ችግር አለበት» ተብሎ ስለ ተጻፈልኝ አመሰግናለሁ። ሃያ ዓመት ደብዳቤ ስመዘግብ አንዲት ፊደል ይህን ያህል እንደምትከብድ አላውቅም ነበር።

፪. ፈቃዴ ታግዶ ግምገማ ስለ ተቀመጠልኝ፣ ወዴትና ከማን ጋር እንደማዘነብልም በትዕግሥት ስለ ተጠየቅሁ አመሰግናለሁ። ሸሚዜን ገልጬ ላሳይ ስነሣ፣ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አፀደ ልብስ ማውለቅ ግለ ሂስ አለመሆኑን አስረድተውኛል።

፫. ባለሙያዋ ባዘዘችኝ መሠረት ትከሻዬን ግድግዳ አስደግፌ ዳሌዬን ወደ ግድግዳው ስገፋ፣ «ግድግዳ ተጠግቶ ስብሰባ ያዳምጣል» ተብሎ ተመዘገበ። ለዚህም።

ፈቃዴ እንደ ታገደ ሰባት ሳምንት አለፈ። ባለፈው ማክሰኞ ግራ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ሳላውቅ ቢሮ ገባሁ፤ ይዘውልኝ የመጡት ዘበኛው ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው። ካልሲዬ በጭቃ ርሷል፤ ያን ያወቅሁት በዓይኔ ነው። ሕመሙ መጥፋቱን ለኑኃሚን ደውዬ ስነግራት፣ የእግሬ ጣት ይንቀሳቀስ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አይንቀሳቀስም አልኋት። መፍራት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ፍርሃቱም እንደ እግሬ ደንዝዟል።

ቀጥ ብዬ ልሰናበትዎ ባለመቻሌ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በሙሉ ልብና በግማሽ ወገብ የማገለግልዎ፣

ኢሳያስ ባፈና
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦ «ብ»ን ከ«ን» ለይቶ ለሚያነብ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ «ወገን» የተባለው «ወገብ» ተብሎ እንዲነበብ የሚያዝዘው የማረሚያ ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ ራሴው ቁጥር ሰጥቼ መዘገብሁት። ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ፣ «ወገብ» የሚለው «እግር» ተብሎ እንዲነበብ ያርሙልኝ።