የመታ ያምጣ

ይድረስ ገዳሪፍ ላለኸው ለታላቅ ወንድሜ ለደምሴ።

ጋሼ ደምሴ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀትና አቧራ እንዴት አድርጎሃል? በክረምት የያዘህ ንዳድ ለቀቀህ ወይስ እየተመላለሰ ያስቸግርሃል? እህል ውሃው ተስማማህ? አብረውህ የተሻገሩት የአገራችን ልጆችስ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ ከሐዘናችን በቀር ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ይንቀሳቀሳሉ። እናታችን ከስተዋል፤ ግን እህል መቅመስ ጀምረዋል። እኔም ደብረ ታቦር አክስታችን እቴነሽ ቤት ሆኜ ትምህርቴን አላቋረጥሁም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ያው ወዳጃችን ነጋዴው ጀማል ነው። ከበርበሬ ጭነቱ መካከል ደብቆ ስለሚይዘው ወረቀቱ ቢያስነጥስህ አትገረም። ስላንተ ሥራ በጽሑፍ አልጠይቅህም፤ በየኬላው ፈታሽ አለ። ጀማል በቃል የሚያመጣልን ይበቃናል።

ከክረምቱ በፊት በላክኸው መልእክት «ኳሳችንስ እንዴት ሆነ? ከሄድሁ ወዲህ ያለውን ሁሉ ጻፉልኝ» ብለህ ነበር። መልሱን ሊጽፍልህ ያሰበው ወንድማችን ፈንታሁን ነበር። ወረቀቱን እንኳ እኔ ከትምህርት ቤት እንዳመጣለት አዝዞኝ ነበር። ይኸው በዚያ ወረቀት እኔ ልጽፍልህ ተቀመጥሁ።

ጀማል መርዶውን ሲነግርህ ወንድማችን በንዳድ ሞተ እንዳለህ አውቃለሁ። እንዲያ በለው ያሉት አባባ ናቸው። ጀማል ውሸታም አይደለም፤ የአባት ቃል ሆኖበት ነውና አትቀየመው። ፈንታሁን የሞተው ውሃ ላይ ነው። እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ። ነገር ግን ከኳሱ ታሪክ ነጥዬ ልነግርህ ስለማልችል ከመነሻው ልጀምር፤ ታገሠኝ።

ትንንሾቹ ልጆች ስለ ቡድናችን ሲጠይቁኝ የምነግራቸው እንዲህ ነው፤ የሳትሁት ካለ አርመኝ። በሃያ አምስት ዓመተ ምሕረት የደሴታችንን ቡና ጭነህ ከጀማል አባት ጋር ገዳሪፍ ወረድህ። ስትመለስ ከአቡጀዲው ጋር አንድ የቆዳ ኳስ በከረጢት ይዘህ መጣህ። እናታችን የባዕድ አገር ቅል መስሏቸው አገላብጠው አፉን ቢፈልጉ አጡት። ወይራ ደሴት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እስከ ውሃው ዳር ካለችው ሰባ እርምጃ መሬት በቀር ሜዳ የሚባል የለም። ከፍ ብሎ የተመታ ሁሉ ጣና ይገባል። ስለዚህ ሁለት ሕግ አወጣህልን። አንደኛው፣ ኳስ ከጉልበት በላይ አይነሣ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ውሃ ከገባ የመታ ያምጣ የሚል። በነዚህ ሁለት ሕጎች አደግን። አንተ ስትሄድ በቦታህ ትንሹ እኔ ገባሁና አሥራ አንድ ሞላን፤ ዲያቆን እሸቴ ቅዳሴ ካለበት ግን አሥር ነን።

ካንተ በኋላ አለቃችን ፈንታሁን ሆነ። ኳሱ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ውስጡ ፈነዳ። የበሬ ፊኛ ነፍተን ከተትንበት፤ ሁለት ቀን ደኅና ከነጠረ በኋላ ሸተተና የደሴቱ ውሻ ሁሉ እኛን መከተል ጀመረ። ፈንታሁን አፍሮ አልተቀመጠም። ደብረ ታቦር ድረስ በእግሩ ሄዶ ከተበላሸ የጣሊያን መኪና ጎማ የውስጡን ላስቲክ ለምኖ አገኘ። ቆዳ ሠሪው አደም ሁለት ቀን ፈጅቶ ቆረጠለት፣ አጣበቀለት፣ ሰፋለት። ለድካሙ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስንጫወት ማየት። እኛ ሜዳችን ውሃ ዳር ነው ብንለው፣ እንግዲያ እናንተ ኑ አለን።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አደም ከከተማው ልጆች ጋር ጋፋት አጠገብ ባለው መስክ አጋጠመን። ያን ያህል ሰፊ ሜዳ አይተን ስለማናውቅ ግማሹ ጨዋታ ሜዳውን ስናይ አለፈ። እሸቴ የመታው ኳስ ከመስመር ወጣ። ያንተ ሕግ ነውና ተመልካቹን ሰንጥቆ ቁልቁል ተከተለው። የከተማው ልጆች «ወዴት ነው? ተወው፣ የኛ ነው» ቢሉት አልሰማም። እንቁላል ይዛ ገበያ ከምትወጣ ሴትዮ እግር ሥር አገኘውና ይቅርታ ጠይቆ ይዞ መጣ። «እናንተ፣ ኳስ በሬ ነው እንዴ የምታባርሩት?» ብለው ሳቁብን። አራት ለባዶ ተሸነፍን።

ጨዋታው ሲያልቅ አንድ የጣሊያን ሹም በአስተርጓሚ አስጠራን። ለሚመጣው በዓላቸው እጃችንን ወደ ፊት ዘርግተን ሰላምታ ሰጥተን ብንጫወት አዲስ ኳስና አሥራ አንድ ጥቁር ሸሚዝ እንደሚሰጠን ነገረን። ሁላችንም ፈንታሁንን አየነው። «ኳስ አለን። ልብስም እናቶቻችን ይፈትሉልናል» አለ። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንዳዞረው እንጃ፣ ሹሙ ሳቀ። እኛ ግን ሳቁ ሳያልቅ መንገድ ጀመርን፤ በመንገዳችን እስካለችው እስከ ወንዛዬ ድረስ አንዳችንም ዞር ብለን አላየንም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ለኅዳር ሚካኤል ቤት ገብቼ ነበር። በማግስቱ ረፋድ እናታችን ማዶ ልከውኝ እርጥብ እንጨት ጭኜ በታንኳችን ተመለስሁ። እንጨቱን አወረድሁ፤ ታንኳዋን ግን ከውሃ አላወጣኋትም። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውሃ እንደሚጠጣ፣ ከውሃ የመጣች ታንኳ ወዲያው ወጥታ ድንጋይ ተደግፋ ቆማ ካልደረቀች እንደምትከብድ፣ በደሴቱ የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ የጨዋታውን ጩኸት ሰምቼ ቸኮልሁ። ከሸምበቆው ጋር አስሬያት ሮጥሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የከተማ ልጆች እንደሚመቱት ከፍ አድርጌ ላሳያቸው ብዬ መታሁ። ኳሱ ከዛፉ በላይ አልፎ ውሃ ገባ። ነፋሱ ተነሥቶ ነበርና እየገፋ ወሰደው። የመታሁ እኔ ነበርሁ፤ ማምጣቱም የኔ ነበር። ፈንታሁን ግን ትከሻዬን ያዘና «አንተ ነገ መንገደኛ ነህ፣ ልብስህን አታርጥብ» አለኝ። ታንኳዋን የፈታት እሱ ነው።

ሲወጣባት ጠርዟ ከውሃው እኩል ሲሆን አየሁ ጋሼ። አልተናገርሁም። ልጆቹ ፊት፣ ይህችን ታንኳ ያላቆማት ማን ነው ብሎ እንዳይቆጣኝ ፈርቼ ዝም አልሁ። ኳሱ ዘንድ ሳይደርስ ሞገዱ ገለበጣት። እኔና እሸቴ ወደ እሱ ዋኘን፤ አልደረስንበትም። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ጸጥ ሲል አገኘነው። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ነው።

በስምንተኛው ቀን ማዶ ካለችው ከቆራጣ አንድ እንጨት ሻጭ ኳሱን ውሃ ዳር አግኝቶ፣ የኛ መሆኑን ስለሚያውቅ ደስ ይበላቸው ብሎ ደጃችን ድረስ አመጣው። የሆነውን አልሰማም ነበር። እናታችን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። አባባ ሰውየውን አመስግነው ሸኙና ኳሱን ጎተራ ውስጥ ከተቱት። ጀማል ለቅሶ ሲመጣ በንዳድ ሞተ በለው ያሉትም በዚያው ሰሞን ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ኳሱን ያመጣሁ እኔ ነኝ እያለ በሰው አገር ብቻውን ይቃጠላል አሉኝ።

ከአርባው ተዝካር በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጡ። ነገሩ ኳስ ከደሴቱ ይጥፋ የሚል ነበር። ከሁሉ የበረቱት አጎታችን ሙላቴ ናቸው። ታውቃቸዋለህ፣ ድሮም ስንጫወት ሲያዩን «ማን አባሯችሁ ነው እንዲህ የምትሮጡት?» ይሉን ነበር። አሁን ግን እየቀለዱ አልነበረም። ኳሱ ይቃጠል፣ አመዱም ውሃ ይግባ አሉ። አባባ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። የተቃወመ አልነበረም። ፈንታሁን የለፋበት ሁሉ በአንድ ጠዋት ሊያልቅ ሆነ። ሁሉም ጥፋቱን በኳሱ ላይ ስለጣለው፣ ኳሱን ማዳን የምችለው እውነተኛውን ጥፋተኛ በማሳየት ብቻ ነበር። ተነሥቼ ፈቃድ ጠየቅሁ።

«የገደለው ኳሱ አይደለም። ታንኳዋን ያላቆምሁ እኔ ነኝ» አልሁ።

ያችን ታንኳ የሠሯት አጎታችን ሙላቴ ራሳቸው ናቸው። ከስንት ሰዓት ጀምሮ ውሃ ላይ እንደነበረች ጠየቁኝ። ከረፋድ አልሁ። የጫንሁት እንጨት ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ? እርጥብ አልሁ። «እንግዲያ እንኳን ሰው፣ ኳሱንም አትሸከም» አሉና ተቀመጡ። ስለ ማቃጠል ሁለተኛ አላነሡም። አባባ ግን ተነሥተው ወደ ቤት ሄዱ።

ሦስት ቀን አላናገሩኝም። ማዕድ ሲቀርብ ወጥተው ደጅ ይቀመጣሉ። እናታችን በመካከላችን ሲመላለሱ ሰነበቱ። በአራተኛው ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር ልመለስ ስወርድ አባባ ቀድመውኝ ውሃው ዳር ነበሩ። አንዲት ታንኳ ብቻቸውን አንሥተው ድንጋዩ ላይ አቆሙና፣ ምኗ ወደ ላይ፣ ምኗ ወደ ፀሐይ እንደሚሆን ምንም እንደማያውቅ ሕፃን አሳዩኝ። ከዚያ ኳሱን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«ፈንታሁንን ሁለተኛ አልቀብረውም፤ ያዝ» አሉኝ።

እንግዲህ ጋሼ፣ አንተን ሳላስፈቅድ ሕግህን ለወጥሁ። ከእንግዲህ ወይራ ላይ ኳስ ውሃ ከገባ ማንም አይከተለውም። ነፋሱ እስኪተኛ ይጠበቃል፤ ማደር ካለበትም ይደር። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊትም ሁላችንም ዳሩን ዞረን የደሴቱ ታንኳ ሁሉ መቆሙን እናያለን። አጎታችን ሙላቴ ሁለት አዳዲስ ታንኳዎች ለቡድኑ ሠርተውልናል፤ አንዷ ስትወጣ አንዷ ቆማ ትደርቃለች። በፈንታሁን ቦታ ማን ይግባ ብለን ስንጨነቅም የመጡት እሳቸው ናቸው። በእጁ መንካት የሚፈቀድለት አንድ ሰው አለ ሲባል ሰምተው «ሃያ ዓመት ደንገል ያሰርሁበት እጅ ነው» ብለው በረኛ ሆኑ። መሮጥ እንደማይገባቸው አስቀድመው አስታውቀውናል።

ከጥምቀት በሦስተኛው ቀን በዚያው በጋፋት መስክ ከከተማው ልጆች ጋር ገጠምን። በዋዜማው የኛ ልጆች ሁሉ አክስታችን ቤት ስላደሩ መርገጫ እንኳ አልነበረም። ጨዋታው ሁለት ለሁለት ሳለ እኔ የመታሁት ኳስ መስመሩን አልፎ ቁልቁል ተንከባለለና ወንዝ ገባ። የኛ ልጆች ሁሉ ባሉበት ቆሙ። አጎታችን እንዲያውም ጎሉ ላይ ተቀመጡ። የከተማው አለቃ ምን እንደሆንን ቢጠይቅ እሸቴ ኮስተር ብሎ «ነፋሱ እስኪተኛ ነው» አለው። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበር።

እኔ አልሳቅሁም። ቁልቁል ሮጥሁና ገባሁበት፤ ድንጋይ አዳልጦኝ ወድቄ ልብሴ ሁሉ ራሰ። ኳሱን አቅፌ ወጣሁ። ሐይቅ በሌለበት አገር ያንተ ሕግ እንደ ጥንቱ ነው፤ የመታሁ እኔ ነኝ፣ ያመጣሁም እኔ ነኝ። ወደ ሜዳው ስመለስ እሸቴ ኳሱን ተቀብሎ በነጠላው አደረቀው። ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። ከአራት ለባዶ እዚህ ደርሰናል፤ ሰኔ ሳይገባ እንደገና እንገጥማቸዋለን።

ጀማል ሊነሣ ነው ብዬ መልእክት ብልክላቸው አባባ «አንተው ጻፍለት» ብለውኛል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በፈቃዳቸው ነው። አንተ ኳስ ነው ያመጣህልን፤ ሞት አላመጣህም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሁን አውቀሃል። ብትቆጣኝ ቁጣህን እቀበላለሁ፤ ቡድኑን ግን አልተውም። አንተም እዚያ ኳስ ሲጫወቱ ስታይ ፊትህን እንዳታዞር፤ እንደ ድሮህ ግባና ተጫወት። ከወጣም ሄደህ አምጣ።

አባባ ግንባርህን ይስሙሃል። እናታችን ጉንጭህን እያገላበጡ ይስሙሃል፤ ለአንተ የፈተሉት ጋቢ ስላለቀ ከጀማል ተቀበል። ትንሿ እኅታችን ትርንጎ እንዳደገች ንገረው ብላለች፤ ታንኳ ማቆሙን ከሁላችን ቀድማ የምታስታውሰን እሷ ናት። አጎታችን ሙላቴ፣ ዲያቆን እሸቴና የቡድኑ ልጆች በሙሉ እንዴት ነህ ይሉሃል። አክስታችን እቴነሽ እግዜር ያገናኘን ይላሉ። አደምም ሰላም ብሎሃል፤ እዚያ ጠንካራ ክር ከተገኘ ላክልኝ ይላል፤ ኳሱ ገና ብዙ መሰፋት ይጠብቀዋል።

ታናሽህ ወርቁ

ደብረ ታቦር፣ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.