በረዶው ወደ ላይ ሲሸሽ

ውድ ወንድሜ ሲምዓን፣

ከባሕር ማዶ ያለኸው የእናቴ ልጅ፣ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ቁርስ ሳትቀምስ ነው ሱቅህን የምትከፍተው? ባለቤትህ ሉሲያስ እንዴት ናት? ናዚራዬስ? የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፣ በቀለላት ይሆን? እኔን ከጠየቅኸኝ ጤናዬ ደህና ነው። ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል። አሁንም ለሁለት ሰው እየሠራሁ ግማሹን ለጎረቤት እሰጣለሁ።

የአባባን አርባ ትናንት አወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሞ ነበር። በልጅነታቸው በረዶ ላይ መንሸራተት ያስተማራቸው ሁሉ ዛሬ ሪዛቸው ሸብቶ መጥተው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ዋሉ። ማረፉን በስልክ ስነግርህ አልቅሰህ ዘጋኸው፤ እኔም መልሼ መደወል አቃተኝ። ስለዚህ የበረዶውን ወራት እንዴት እንዳሳለፈ በጽሑፍ ልንገርህ። አንዳንዱን ነገር በስልክ መናገር አልችልም።

በኅዳር ደውለህ “ለገና ልጄን ይዤ እመጣለሁ” ያልከው ዕለት አባባ ስልኩን እንደዘጋ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ሲወጣ ትንንሾቹን የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎች ታቅፎ ነበር፤ እነዚያን አንተንም እኔንም በየተራ ያቆመብንን። “ናዚራን እኔ ነኝ የማቆማት፣ ሌላ ሰው እጇን እንዳይነካት” አለ። ያኔ ሐኪሙ ልቡ መድከሙን ነግሮን ነበር። “ከፍ ያለ ቦታ እንዳይወጡ፣ አየሩ ሲሳሳ ልብዎ አይችለውም” ብሎታል። ይህን ለአንተም ነግሬሃለሁ። አንተ ግን “ሲስቅ ሰማሁት እኮ” አልከኝ። ሳቁን ለአንተ ብሎ እንደሚያጠራቅመው የት ታውቃለህ! ስልኩ ሲጮህ ከአልጋው ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቆሞ ነበር የሚያናግርህ። ሲጨርስ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ይፈልጋል።

አባባ ዘንድ በረዶ እንደ አትክልት ወቅት እንዳለው አልረሳኸውም መቼም። በገና ሰሞን ከከፍተኛው ከአርዝ ተራራ በቀር ሌላው ቦታ ገና ድንጋይ ነው። ጥር ላይ በረዶው ወደ ላቅሉቅ ይወርዳል። የካቲት የፋራያ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መልሶ ወደ አርዝ ይወጣል። ስለዚህ ገና ሳይሆንላችሁ ሲቀር እንኳ አልከፋውም። “እንኳንም ቀሩ! አርዝ ለልጅ ይከብዳል። በጥር ይምጡ፤ ላቅሉቅ ዳገቱ ለስላሳ ነው፣ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለእኔም ትንፋሽ ይበቃኛል” አለ። የአክስታችን ልጅ ቡጥሮስ በመኪናው እየወሰደው ዳገቱን ሲያጠና ሰነበተ። ናዚራ የምትወድቅበትን ቦታ ሳይቀር መርጦላት ነበር። “መጀመሪያ እዚህች ጋ ትወድቃለች፣ ከዚያ ትስቃለች፣ ከዚያ ድብሷን ትበላለች” አለኝ። እኛም መጀመሪያ የወደቅን ቀን በሳህን ንጹሕ በረዶ ላይ እንደ ማር የወፈረውን የወይን ድብስ አፍስሶ እንዳበላን ታስታውሳለህ። ለእሷም አንድ ማሰሮ አስቀምጦ ነበር።

ሲምዓን፣ ያ ጥር ለእሱ የተሠራ ወር ነበር። በረዶው እስከ በራችን ወርዶለት ነበር። አንተ ግን ሸሪክህ ታሞ ሱቁን የሚይዝልህ ሰው አጣህና ወደ የካቲት አዛወርከው። በየካቲት ሞቃቱ ነፋስ ቀድሞ ገብቶ ላቅሉቅን ጭቃ አደረገው፤ አባባም ትንሽ ከፍ ብሎ ፋራያን መረጠ። “ፋራያ በየካቲት ከበረዶው ሽቶው ይበዛል። የቤይሩት ሰው ለመንሸራተት መቼ መጣ? ለመታየት ነው እንጂ!” እያለ እያጉረመረመ ማረፊያ አስያዘ። እንዲንሸራተቱ ከስኪዎቹ ሥር የሚቀባውን ሰም ፍቆ ለእርጥብ በረዶ የሚሆነውን እንደ አዲስ ቀባ። ቀጠሮው በተቀየረ ቁጥር እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ለየወሩ በረዶ የራሱ ሰም አለው።

የካቲትም ሳይሆን ቀረ። ጎረቤታችን ኡም ጥንዮስ ምላሷ እንደማያርፍ ታውቃለህ። ከቅዳሴ ስንወጣ “አንተ አቡ ሲምዓን! ሲምዓንህ መጣ ወይስ ስሙን ብቻ ትቶልህ ሄደ?” አለችው። አገሩ ሁሉ የሲምዓን አባት እያለ በአንተ ስም ነበር የሚጠራው። ጠዋት ዳቦ ሲገዛ ስምህን ይሰማል፣ ማታ ጎረቤት ሲሰናበተው ስምህን ይሰማል። እሱም ሳቅ ብሎ “ስሙ ከቀደመ ባለቤቱም መንገድ ላይ ነው። ይልቅ አንቺ ሂጂ፣ ዳቦሽ እንዳያርርብሽ” አላት። ቤት ስንገባ ግን ኮቱን ሳያወልቅ ብዙ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ለትንሣኤ አልከን። ለትንሣኤ ደግሞ አርዝ ብቻ ነው የሚቀረው። እኔ ተቆጣሁ። “አርዝ ለአንተ መቃብር ነው፣ ሐኪሙ የነገረህን ረሳኸው?” ብዬ ጮኽኩበት። እሱም “ጃንዳርክ፣ እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? በረዶው ወደ ላይ ሸሸ፣ እኔም እከተለዋለሁ” አለኝ። በረዶው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እሱ ወደ ታች ይወርድ ነበር። መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ፣ ቀጥሎ ወደ ግቢው መውጣት፣ በመጨረሻ አልጋውን መስኮቱ ሥር አደረግንለት። እዚያ ሆኖ ነበር ሰሙን የሚቀባው።

ትንሣኤ ሲደርስ ደወልክ። ናዚራ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንደማይሆን፣ ለሰኔ ግን ትኬቱን እንደቆረጥክ ነገርከው። “ሰኔ? ጥሩ ነው አባቴ፣ ሰኔም ጥሩ ነው” ሲልህ ሰማሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ቀለል አለኝ። በሰኔ በረዶ የለም፣ እንግዲህ ተራራውን ትቶ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል ብዬ ነው። እሱ ግን “ቁርነት ሰውዳ ጫፍ ላይ፣ በስተ ሰሜን፣ ፀሐይ የማይነካው ጉድጓድ አለ። በሰኔም በረዶ አይጠፋውም፣ ለአንዲት ልጅ ይበቃል። ቡጥሮስ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ይጠይቅልኝ” አለኝ። ከአልጋው ለመነሣት ሁለት ሰው የሚደግፈው አባታችን ከአገሩ ተራራ ሁሉ ከፍተኛውን መረጠ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። “ምን ያስለቅስሻል? ሰሙን አቀብይኝ” አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሳምንት አልቆየም።

ጨካኝ አይደለህም። ጊዜ ያለን መስሎህ ነው። ያም ሆኖ ተቀይሜሃለሁ፣ ሳልነግርህ ብቀር ውስጤን ይበላዋል። ስኪዎቹ አሁን አልጋው የነበረበት ቦታ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። የድብሱንም ማሰሮ አልከፈትኩትም።

ትኬትህን አትመልሰው፣ ልጅህን ይዘህ ና። በሰኔ ካልተመቸህም በመስከረም፣ በመስከረም ካልሆነም በጥር ና። አባባ አሁን ያለበት ቦታ ወር አይመርጥም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፣ ዳገትም የለው፤ ልቡ የደከመ ሰው እንኳ ይደርሳል።

ለሉሲያ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልኬ ነው። ናዚራን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አያትሽ መውደቂያ ቦታሽን ሲመርጥልሽ ከረመ በላት። ኡም ጥንዮስ ሰላም ብላሃለች። በቀብሩ ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት፣ አትቀየማት። ቡጥሮስም ሰላም ይልሃል። መንገዱ ተከፍቶ ዛሬ ጠዋት ቁርነት ሰውዳ ወጥቶ ነበር። ጉድጓዱን አየው። በረዶው አለ፣ ለአንዲት ልጅ ይበቃል አለኝ።

እህትህ ጃንዳርክ

ዓይን ሉዝ፣ ሊባኖስ
ሰኔ 4 ቀን