እጅ መንሳት ከቻለች አልታመመችም ላሉት ሐኪም

ለክቡር ዶክተር ሙናካታ
የሳካኖዩ ከተማ ሆስፒታል የበላይ ኃላፊ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብሁ፣ ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤንነት ስልም በእርስዎ አለካክ ሳይሆን እኛ ተራ ሰዎች በምናውቀው መንገድ፣ ማለትም ከፍራሽ ተነስቶ፣ ፊትን ታጥቦ፣ ቁርስ እስኪቀርብ ሳይጋደሙ መጠበቅ መቻል ማለቴ ነው።

ጽሑፌ የሚደርስዎ ከቤት ወደ ቤት በምትዞረው የሰፈራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተያይዞ ነው። ዘንድሮ የሰፈር ተጠሪነቱ ተራ የእኔ የፀጉር አስተካካዩ የታሩሚ ስለሆነ፣ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀንና የቦይ ጠረጋውን ከሚያስታውሰው ወረቀት ሥር አድርጌዋለሁ። እንደሚያውቁት ሰሌዳዋ ከኮረብታው ግርጌ ትነሳና፣ እያንዳንዱ ቤት አንብቦ ማኅተሙን እያሳረፈ ሲያሳልፋት፣ በመጨረሻ አናቱ ላይ ካለው ከእርስዎ ቤት ትደርሳለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ አንብቦ ጨርሷል። እርስዎም የባለቤቴን ጉዳይ ሲነግሩኝ፣ ተራ ጠባቂ ደንበኞች ጆሯቸውን አቁመው በሚሰሙበት በፀጉር ቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበርና ቅር እንደማይሰኙ እርግጠኛ ነኝ።

ባለቤቴ ሚሳኦ በወንዙ ዳር ባለው የፍል ውሃ ማረፊያ ቤት እንግዳ አስተናጋጅ ነበረች። ተንበርክካ በር መክፈት፣ መዳፎቿን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ግንባሯን እስከ እጆቿ ዝቅ አድርጋ እጅ መንሳት፣ ከዚያ የእራቱን ማዕድ ተሸክማ ደረጃ መውጣት፣ ይህን ሁሉ ስታደርግም ድካሟ ፊቷ ላይ እንዳይነበብ መጠንቀቅ ሥራዋ ነበር። የቤቱ እመቤት አዲስ ሠራተኛ በገባች ቁጥር «እንግዳ ፊት አይደከምም። መሞት ያማራት ጓዳ ገብታ ትሙት» ትላቸዋለች። ሚሳኦም እንደታዘዘችው ስታደርግ ኖረች። ባለፈው ዓመት በረዶ በጣለበት ሰሞን ኮቪድ ያዛት፤ ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃት፣ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ጥቂት ልብስ ካጣጠፈች በማግስቱ ከፍራሿ መነሳት ያቅታታል፤ ቆማ ስትቆይ ልቧ ይሮጣል፤ የጀመረችው ወሬ መሀል ላይ ይጠፋባታል። እኛም ሐኪም አለን ብለን ወደ እርስዎ መጣን።

ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራ ዘዴዎ። ሚሳኦ ለቀጠሮዎ ስትል ቀደም ካሉት ቀናት ጀምሮ ተኝታ ጉልበት ታጠራቅም ነበር። ሐኪም ፊት ተዝረክርኮ መቅረብ ነውር ነውና ፀጉሯን እኔ አበጥርላት፣ የገረጣ ጉንጯን እሷ ታቀላው ነበር። ክፍልዎ ስትገባም እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች። እርስዎም በወሩ ፀጉርዎን ሊስተካከሉ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «ታሩሚ፣ የሚስትህን ወገብ አይተኸዋል? እንዲያ አድርጎ እጅ የሚነሳ ሰው አልታመመም። የእኔ ነርሶች እንኳ አይችሉበትም።» አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሁለተኛውን ከኋላዎ ቆሜ እኔ እከታተልልዎታለሁ፣ የመጀመሪያውን ግን ተከታታይ ያጡ ይመስለኛል። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ከታክሲው እስከ ፍራሿ ተሸክሜ ያስገባኋት እኔ ነኝ። መጋረጃ ተዘግቶ፣ ሩዙን በውሃ አቅጥኜ በማንኪያ ሳጎርሳት እርስዎ አልነበሩምና፣ ያላዩትን እንዲያምኑ አላስገድድዎትም።

ሁለተኛ፣ የደም ምርመራውና የሳንባው ራጅ ምንም እንዳላሳዩ በደስታ ስላበሠሩን እናመሰግናለን። «ንጹሕ ወረቀት ይዞ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም» ብለዋታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የማነሳው ግን ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው። መቀሴን ከአንዱ መሳቢያ ባጣው ሌላውን መሳቢያ እከፍታለሁ እንጂ፣ ድሮም መቀስ አልነበረኝም ብዬ ደንበኛ አላሰናብትም።

ሦስተኛ፣ ስለ «ወደ ጤና እንገስግስ»። ከኮቪድ በኋላ ደከመኝ ያለውን ሁሉ በየማለዳው በሆስፒታሉ ግቢ አሰልፈው፣ እርስዎ ከእንጨቱ መድረክ ላይ ቆመው፣ በሙዚቃ ክንድ ወደ ላይ ጉልበት ወደ ታች ያሰኙ የነበረውን ማለቴ ነው። «ድካምን የሚያባርረው ድካም ነው!» የሚለው የድምፅ ማጉያዎ እስከ ፀጉር ቤቴ ይሰማ ነበር። እንቅስቃሴ የሚጠቅመው በሽተኛ እንዳለ አልክድም። ሚሳኦ ግን በማግስቱ እንደምትወድቅ አስቀድማ ነግራዎት ነበር፤ እርስዎም «ሲጀመር ሁሉም እንዲያ ነው» ብለው አሰለፏት። በማለዳዎቹ በአንዱ ክንዷን እንዳነሳች ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች። እርስዎም በዚያው ማጉያ «ሚሳኦ ልጄ፣ ተነሺ እንጂ! ሽማግሌዎቹ እንኳ ቆመው የለ? ይስቁብሻል» አሏት። ተነሳች። ዞራ ለተሰለፈው ሁሉ ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ አለች፣ ለእርስዎም እጅ ነሳች፣ ልምምዱንም ጨረሰች። እስከዚያ ዕለት ድረስ ግድግዳ እየተደገፈች መታጠቢያ ቤት ትደርስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ሄዳ አታውቅም። ይህን ለመጻፍ ምላጬን ማስቀመጥ ነበረብኝ።

አራተኛ፣ ወደ ሌላ ሐኪም የሚያሻግር ደብዳቤ እንዲጽፉልን ስለጠየቅንበት ዕለት። በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጠየቅ ወጡን ቀምሶ ለባለሙያዋ እንደ መመለስ መሆኑን ስለምናውቅ፣ የምንለውን ቤት ውስጥ ተለማምደን፣ አንድ ሳጥን የቀይ ባቄላ ጣፋጭም ይዘን ነበር የመጣነው። ያን ቀን ሚሳኦ መቀመጥም ስላቃታት በመተላለፊያው ወንበሮች ላይ ተጋድማ ጠበቀችዎ። ሲያልፉ አይተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እንደጎደለ ገባዎት፦ «ምን ዓይነት ሥርዓት ነው ይሄ? ድሮ እንዲህ አልነበርሽም እኮ!» ከዚያም ችግሯ የመንፈስ መሆኑን፣ ጠባይዋም መበላሸቱን ለእኔ አስረዱኝ። ደብዳቤውን በተመለከተ ደግሞ «እኔ ያላገኘሁትን የትልቁ ከተማ ሐኪም በምን ዓይኑ ያገኘዋል?» አሉ። እጅ ስትነሳ ጤነኛ፣ ሳትነሳ ባለጌ፤ በሁለቱ መካከል ለታመመ ሰው የሚሆን ክፍል በሆስፒታልዎ እንዳልተሠራ ያኔ ተረዳሁ። ጣፋጩን ግን ስለተቀበሉን ውለታዎ አለብን።

ያለ ደብዳቤዎ ወደ ትልቁ ከተማ ሄድን። የዚያ ሐኪም ዶክተር ኢሱሩጊ ይባላሉ፣ በዕድሜ ልጅዎ ይሆናሉ። ሚሳኦ እንደልማዷ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስተኟት፤ መብራቱን ቀነሱና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሥራ ሠርተሽ የምትወድቂው ያንኑ ዕለት ነው ወይስ በማግስቱ?» ብለው ጠየቋት። ባለቤቴ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉ ቀጠሮ ስለ ማግስቱ የጠየቃት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። «መድኃኒቱ ተገኝቷል ብልሽ እዋሽሻለሁ። ግን አምንሻለሁ። የልብሽን መሮጥና እንቅልፍሽን እናክማለን፤ ለሌላው ደግሞ ሳይደክምሽ ማረፍን ትማሪያለሽ» አሏት። ለእኔም ጥረት በማግስቱ የሚጥለውን ሰው በግድ ማሠራት እንደሚጎዳው በጥናት የታየና የተጻፈ መሆኑን፣ ማንም ሐኪም አውጥቶ ሊያነበው እንደሚችል ነገሩኝ። ማንም ሲሉ እርስዎንም ጨምረው መሆን አለበት።

ዛሬ ሚሳኦ ትራስ ተደግፋ ሾርባዋን በራሷ እጅ ትጠጣለች። ያገኘነው ይህን ያህል ነው፣ እኛም ደስ ብሎናል። በግቢዎ የቀረውን ጉልበቷን ይመልሱልን አልልም፣ የሚመለስ መሆኑን ዶክተር ኢሱሩጊም አያውቁም። ነገር ግን መድረኩ አሁንም እዚያው ቆሟል፤ ነገ ጠዋትም ማግስቱን የሚፈሩ ሰዎች ይሰለፉበታል። የምለምንዎ ማጉያውን ከማንሳትዎ በፊት ያቺን አንዲት ጥያቄ እንዲጠይቋቸው ነው። ለመጠየቅ መጎንበስ አያስፈልግም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ በድጋሚ ይቅርታ እየለመንሁ፣ ከማይነጥፈው አክብሮቴ ጋር፣ የማጅራትዎን ፀጉር በታማኝነት የማስተካክልልዎ፣

ሺንጎ ታሩሚ
ፀጉር አስተካካይና የዘንድሮው የሰፈር ተጠሪ

የተረሳ ነገር፦ በወንበሬ ላይ የማየውን አልናገርም፣ ሙያዬ ይከለክለኛል። በመከር በዓሉ ዕለት ግን ወደ ቤተ መቅደሱ በሚያወጣው ደረጃ መሀል ላይ ሲቀመጡ ከተማው በሙሉ አይቷል። «ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው» ብለው አውልቀው አራገፉት፤ ምንም አልወደቀም፣ እርስዎም ብዙ ቆይተው ተነሱ። ባለፈው የበጋ ሙቀት ኮቪድ ይዞዎት ከሥራ ከቀሩ ወዲህ መሆኑን ቆጥረን ሁላችንም እንዳላየ አለፍን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ስለዚህ የዶክተር ኢሱሩጊን ስልክ ከፀጉር ቤቴ መስታወት ሥር ለጥፌልዎታለሁ፤ በሚመጡበት ቀንም ወንበሩን አጋድሜ፣ መብራቱን ቀንሼ እጠብቅዎታለሁ። ይህን ለሚሳኦ ሳነብላት ዓይኗን ሳትገልጥ አንድ ነገር እንድጨምር አዘዘችኝ፦ «ሲገቡ እጅ እንዳይነሱ ንገራቸው። የሚጥለው በማግስቱ ነው።»